ሰደርያው ከገባ ሁሉም ገብቷል

የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ግሌኒስ ቤሰል
ዕድሜ፦ 62
ሥራ፦ ጡረተኛ (ቀድሞ የሥጋ ቤት ባለቤት)
አድራሻ፦ ደሎሬይን ከተማ፣ ታዝማኒያ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2019
ቃሉን የተቀበሉት፦ ኮንስታብል አሊስታየር ቤይንስ
ጉዳዩ፦ የሟች ሊንዚ ጎርሌይ አሟሟት

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው እኔ፣ ማንም ሳያስገድደኝ በገዛ ፈቃዴ ወደ ጣቢያው መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ሟች ሊንዚ ጎርሌይን ከወጣትነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ባለቤቱ ኮራል የልብ ጓደኛዬ ናት፤ ስትዳርም ሚዜዋ ነበርኩ። በቸልተኝነት የተጠረጠረውን ኔቪል ፓይበስን በተመለከተ ግን ወዳጄ ነው ብዬ ልመሰክርለት አልመጣሁም። ጎረቤቴ ቢሆንም በአጥር ምክንያት ተጣልተን ከገና ወዲህ ሰላምታ እንኳ አልነበረንም። ይህም እንዲመዘገብልኝ ጠይቄ ተመዝግቧል።

እኔና ጓደኞቼ በየዓመቱ በማርች ወር ከሆባርት ተነስተን፣ ደጋውን አቋርጠን እስከ ሰሜኑ ባሕር ድረስ በብስክሌት እንጓዛለን። የሚሰበሰበው እርዳታ ለካንሰር ሕሙማን ማረፊያ ቤት ነው። ዘንድሮ አሥራ አራት ነበርን። አብዛኞቻችን ጉልበታችን ያረጀ ሰዎች ስለሆንን፣ ማንም መንገድ ላይ እንዳይቀር አንድ ደንብ አለን። ከሁሉም ኋላ የሚሄደው ሰው ቢጫ ሰደርያ ይለብሳል፤ እሱ ማንንም አያልፍም። ሻንጣና ምግብ የጫነው መኪና በየማረፊያው ቆሞ ሰደርያውን ይጠብቃል። ሰደርያው ከዘገየ መኪናው ተመልሶ ይፈልጋል። ሰደርያው ከገባ ግን ሁሉም ገብቷል ማለት ነው፤ መኪናው ወደሚቀጥለው ማረፊያ ይቀድማል። ሰደርያውን ከመጀመሪያው ጉዞ ጀምሮ የሚለብሰው ሊንዚ ነበር። መኪናውን የሚነዳው ኔቪል ነው፤ መተዳደሪያውም የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ነው።

ኔቪል ነገር የሚያበዛ ሰው ነው። አምና በየማረፊያው ሰው እንቁጠር እያለ ቢያስቸግረን፣ በግ ቆጣሪ ብለን ሳቅንበት። ከሁሉ አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ማርች 19 ቀን ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ከሐይቁ በላይ ባለው ሜዳ ላይ ሳለን አየሩ ድንገት ተለወጠ። ጧት ክንዳችንን ገልጠን ነበር የተነሳነው፤ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደብን። ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት የብረት በር ስንደርስ ከኋላ የቀረነው እኔ፣ ኮራልና ሊንዚ ብቻ ነበርን። ኮራል ጥርሷ እየተንገጫገጨ መሪውን መያዝ አቅቷት ነበር። ሊንዚ ሰደርያውን አውልቆ አለበሳት፤ ንፋስ የማያስገባ ወፍራም ነገር ነው፤ እስከ አንገቷ ዘጋላት። እኔም ደንቡስ አልኩት።

“ዶሮዬ በብርድ ከምትሞትብኝ ደንቡ ይሙት” አለኝ እየሳቀ። ዶሮዬ የሚላት ኮራልን ነው።

የኋላ ጎማው መተንፈሱን ያየው ያን ጊዜ ነው። እንጠብቅህ ብንለው፣ እዚህ ቆማችሁ ከምትደርቁ ውረዱ፣ አሁን እደርስባችኋለሁ ብሎ ተቆጣን። እኔ ቀድሜ ወረድኩ፤ ኮራል ተከተለችኝ።

ከቁልቁለቱ ግርጌ ካለው የመንደር አዳራሽ ስደርስ ጣቶቼ አልዘረጋ ብለውኝ ነበር። ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩ ሴትዮ ጎትተው ቤታቸው አስገቡኝና እሳት ዳር አስቀመጡኝ። በዚህ መካከል ኮራል አዳራሹ ገብታ፣ ሰደርያውን በሩ አጠገብ ካለው መስቀያ ላይ ሰቅላ፣ ልብስ ልትቀይር ወደ ጓዳ መግባቷን ሾርባ የምትቀዳው ሴት በኋላ ነግራኛለች። ኔቪል ውጭ ጭነት ሲያስር ስለነበር አላያትም። ሲገባ ያየው የተሰቀለውን ሰደርያ ብቻ ነው። ገብቷል ብሎ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። በደንባችን መሠረት ያጠፋው ነገር የለም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ወደ አዳራሹ ስመለስ ኮራል ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተቀምጣለች፤ የያዘችው የዱባ ሾርባ ጭኗ ላይ እየፈሰሰ ነው፤ አልታወቃትም። ሊንዚስ አልኳት።

“ገብቷል እኮ። ሰደርያው ያውና” አለችኝ፣ በጣቷ ወደ በሩ እያሳየች።

አንቺው አይደለሽ እንዴ የለበስሽው ልላት ስል ዓይኗን አየሁት፤ ምንም አታስታውስም። ብርድ ልብ ያስታል። ወጥቼ ለኔቪል ደውዬ፣ ሰደርያውን ለብሳ የገባችው ኮራል ናት፣ ሊንዚ ዳገቱ ላይ ቀርቷል አልኩት። አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቀኝ ዞሮ ወደ ዳገቱ ወጣ። ሊንዚን ከሁለተኛው ጠመዝማዛ በታች፣ ገደሉ ውስጥ፣ እግሩ ተሰብሮ አገኘው። ካፖርቱን አልብሶት አምቡላንስ እስኪደርስ አቅፎት ቆየ። ሐኪሙ የገደለው ስብራቱ ሳይሆን ብርዱ ነው ብለዋል። መኪናው ቀደም ብሎ ወጥቶ ቢሆን ይተርፍ ነበር። ሰው ሁሉ የሚለው ይህንን ነው፤ እውነትም ነው።

ኮራል ግን ነገሩን የምታወራው በሌላ መንገድ ነው። ሊንዚ ገብቶ ሰደርያውን ሰቅሎ፣ የቀረ ሰው ካለ ብሎ ተመልሶ ወጣ፤ ኔቪልም እያየ ጥሎት ሄደ ትላለች። ዋሽታ አይደለም፤ አእምሮዋ የሰጣት ይህንን ነው። በቀብሩ ዕለት በሰው ፊት ገዳይ አለችው። አጎንብሶ ከሰው መካከል ወጣ።

ባለፈው እሑድ አጥሩን ተሻግሬ ኔቪል ቤት ሄድኩ። ሰደርያውን ማን እንዳመጣው እያወቅህ ለፖሊስ ለምን አልተናገርክም ብዬ ጮህኩበት።

“ተይው ግሌኒስ። እሷ ባሏን ቀብራለች፤ እኔ የማጣው መንጃ ፈቃዴን ነው” አለኝ።

አንተ ቂል፣ ባልሠራኸው እስር ቤት ልትገባ ነው ወይ አልኩት። በጎቹን መቁጠር ነበረብኝ ብሎ ፊቱን አዞረ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይሄኛው ግን ሰው ካላጠራው የሚጠራ ስላልመሰለኝ መጥቻለሁ። ጓደኛዬን እየጎዳሁ መሆኔን አውቃለሁ።

ኮራል ሰደርያውን ከቀብሩ ወዲህ ለብሳው ነው የምትውለው፤ የምትተኛውም። የሱ ጠረን አለበት ትላለች። ለማስረጃ እንደሚፈለግ ኮንስታብሉ ነግረውኛል። የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ቤቷ ሳይደርስ እኔ ልንገራት ብዬ ለምኜ፣ እስከ ነገ ጧት ፈቅደውልኛል። ከየት እንደምጀምርላት አላውቅም።

የሰጠሁት ቃል ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ያልኩት እንዳልኩት ተጽፏል። ያየሁትንና የሰማሁትን እንጂ የጨመርኩት የለም፤ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እጠየቅበታለሁ። ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር እንዲጨመርልኝ ጠይቄ ተጨምሯል፤ ቃሌ ለኮራል ጎርሌይ የሚነበብላት ከሆነ ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ይነበብላት፦ ሊንዚ ሰደርያውን ያለበሳት ስለበረዳት ነው፤ ሲያለብሳትም ይስቅ ነበር።

የምስክሯ ፊርማ፦ ግ. ቤሰል
ቃሉን የተቀበለው መኮንን ፊርማ፦ አ. ቤይንስ