አልጋው ባዶ ነው ይላል

— ሄሎ? ... ሄሎ፣ ማሙሽ! ... አዎ፣ እኔ ነኝ። ትሰማኛለህ?

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ላለማንሳት ብዙ ታግላ ነበር። ሳሎኑ በጎረቤት ሴቶች ተሞልቷል። አጎቷ በሩ አጠገብ ቆሞ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «እንዳትነግሪው» ይላታል በምልክት። እናቷ ሊነጋጋ ሲል፣ አልጋዋ ላይ እንደተኛች ዐርፋለች። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ የጭነት መኪና ይዞ ሩቅ መንገድ ላይ ነው። መሪ ለጨበጠ ሰው መርዶ አይነገርም ተብሎ ተመክሯል፤ «ትንሽ አሟታል» ይባልና ይምጣ፣ ሲደርስ እንነግረዋለን ተባብለዋል።

ስልኩን ይዛ ማድቤት ገባችና በሩን በጀርባዋ ገፋ አደረገችው።

— ድምፄ? ... ምንም አልሆንኩም፣ ጉንፋን ነገር ይዞኝ ነው። ... አልጋው? አልጋው ምን ሆነ? ... ባዶ ነው ይላል?

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እናቷ መርሳት ከጀመረች ወዲህ ከልብስ ሰፊዋ ሌላ አንድ ጠባቂ ነበራት። ወንድምየው ጭነት እስኪራገፍ በሚጠብቅባቸው ረጃጅም ቀናት ከስልኩ ቪዲዮ እያየ ተማረ። መዳፍ የማታክል ኮምፒውተር ገዛ፤ ሊኑክስ የሚሉትን የኮምፒውተር ሥርዓት ጫነባት፤ ቤት የሚቆጣጠር ሶፍትዌር አስገባባትና ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቅሏት ሄደ። ከፍራሹ ሥር ክብደት የሚለይ ነገር አነጠፈ፤ በሮቹ ላይ መከፈት መዘጋታቸውን የሚናገሩ ትንንሽ ነገሮች ለጠፈ። እናትየዋ ከአልጋ ስትወርድ መብራቱ በራሱ ይበራል። የውጭውን በር ስትነካ የእህትየዋም የወንድምየውም ስልክ ይጮኻል። አጎትየው የቤቱ ወሬ ሁሉ መንገድ ላይ ላለ ሰው መድረሱ ሲገርመው «አሳባቂዋ» ብሎ ስም አወጣላት፤ ስሙም ጸና።

— እ ... መታጠቢያ ቤት ገብታ ነው። ... የመታጠቢያ ቤቱ በር አልተከፈተም? ... እሺ፣ እሺ፣ አትቆጣኝ። ሳሎን ናት። ... ሳሎን ናት አልኩህ እኮ!

ይህስ እውነት ነበር። ሴቶቹ አጥበው፣ ገንዘው፣ ሳሎን አስተኝተዋታል።

— የውጭ በር? ... እሱማ ይከፈታል፣ ጎረቤት ይገባል፣ ይወጣል። ... ሰው በዛ ብዬ ላባርራቸው እንዴ? ... ኧረ ምን ሠርግ አለ፣ አንተ ደግሞ!

አጎትየው በሩን ገፍቶ አንገቱን አስገባ።

— ምን ልበለው ታዲያ አጎቴ? ይቺ አሳባቂ እኮ አንድ ሳታስቀር ነግራዋለች! ... አይ፣ ላንተ አይደለም ማሙሽ። አጎታችን ነው። ሰላም ይልሃል። ... ለምን መጣ? መምጣት ክልክል ነው?

መልሱን ሳትጨርስ ከስልኩ ውስጥ የሞተሩ ጉርምርምታ ጆሮዋ ገባ።

— ቆይ፣ እየነዳህ ነው እንዴ? ... መጀመሪያ አቁም። ... ምን ሆነሻል አትበለኝ፣ እኔ ታላቅህ ነኝ፣ አቁም ካልኩህ አቁም። ዳር ያዝ። ... ጋሼ አብረውህ አሉ? ... ተኝተዋል? ይተኙ፣ ብቻ ይኑሩ።

ጋሼ የምትለው ከወንድሟ ጋር መሪ እየተቀባበለ የሚነዳውን ሽማግሌ ሾፌር ነው።

— ቆምክ? ... እሺ። እማዬን ትንሽ አሟታል። ... ትንሽ ነው። ... ሐኪም? አይ፣ ሐኪም ቤት አልወሰድናትም። ... ለምን እንደሆነማ ... ማለቴ ... ምን? ቀስ በል፣ አልሰማሁህም። ... ተመለሰች? ማን ናት የተመለሰችው?

ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ሮጣ የእናቷን ክፍል ከፈተችው። አንዲት ጎረቤት አንሶላውን ልትገፍ ገብታ፣ ደክሟትም እንደሆን ኀዘኑ ከብዷት፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላለች። አሳባቂዋ ክብደት እንጂ ሰው አትለይም። መንገድ ዳር በቆመው መኪና ውስጥ፣ ወንድምየው ስልክ ላይ «አልጋው ላይ ሰው አለ» የሚል ወጣለት።

— እትዬ፣ ይነሱ። እባክዎ ከአልጋው ይነሱልኝ። ... አላጠፉም፣ ግድ የለም፣ ብቻ ይነሱ። ... አለሁ ማሙሽ። ... አትሳቅ። ... እባክህ አትሳቅ። ... ምን? ላቀብልህ? ... ድምፅዋን ብቻ?

አጎትየው ከኋላዋ ቆሞ «እንዳትነግሪው» ሲል ራሱን ነቀነቀ። ጎረቤትየዋ አንሶላውን እቅፏ ውስጥ ጠቅልላ ግድግዳውን ተደግፋለች። ልብስ ሰፊዋ ከነጋ ጀምሮ ፊቷን ስታጠነክር ውላለች፤ ይህን ሳቅ ግን እየሰሙ ዝም ማለት አልሆንላት አለ። እንዲህ ደስ ብሎት ከሰነበተ ጉድ ነው፤ ሲደርስ እናቱ ሁለት ጊዜ ትሞትበታለች።

— ማሙሽ፣ ስማኝ። አልጋው ላይ የነበሩት ጎረቤታችን ናቸው። አሁን ተነስተዋል። ... አየኸው? ምን ይላል? ... አዎ። ባዶ ነው። ... የኔ ወንድም፣ እማዬ የለችም። ... የለችም። ዐርፋለች።

አጎትየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

— ማሙሽ? ... አለህ? ... አልቅስ። አልቅስ፣ አለሁ። ... ሞተሩን አጥፋው። ... አጠፋኸው? ... ከሌሊቱ መጨረሻ ላይ ነው። ... አዎ፣ አልጋዋ ላይ። ... ጠዋቱን ሙሉ? ... አውቃለሁ። ተኝታለች ብለህ ነዋ። ... «እሰይ፣ ዛሬስ እንቅልፍ ወሰዳት» ብለህ? ለጋሼም ነግረህ? ... ወይኔ ወንድሜን!

አስከሬኑ ከፍራሹ ላይ እስኪነሳ ድረስ የእናታቸው ክብደት እዚያው ነበር። ወንድምየው ሻይ በጠጣበት ቦታ ሁሉ ስልኩን አየት እያደረገ፣ ልቡ ረግቶ ሲነዳ ውሏል።

— አላጠፋህም። ምንም አላጠፋህም። እማዬ ስትነሳ እንድትነግርህ ነው የሠራሃት፤ አልተነሳችማ! ... ትንፋሽ የሚያውቅ ብታስገባባትስ፣ ምን ልታደርግ? ... እኔ እዚሁ አጠገቧ ነበርኩ፣ እጇን ይዤ። ምን አደረግሁ? ... ምንም። እጇን ያዝኩ፣ በቃ።

ወደ መስኮቱ ሄዳ መጋረጃውን ያዘች።

— አይ ... አልዋሽህም። አልጠራችህም። እኔንም አልጠራችኝም። ካምና ጀምሮ «አንቺ ሴትዮ» ነበር የምትለኝ እኮ። ... ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ሌሊት ከአልጋ ስትወርድ ያንተ መብራት ይበራላት የለ? ቀና ትልና «ተባረክ ልጄ» ትለው ነበር። ... አምፖሉን! ... ሁልጊዜ። ነግሬህ አላውቅም? ... እኔማ እስቅ ነበር። አምፖል ትመርቃለች እያልኩ እስቃለሁ። ... እንግዲህ «ልጄ» የምትለው ማንን እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ... አልቅስ የኔ ጌታ፣ አልቅስ።

ጥቂት ቆይታ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገች።

— ጋሼ ነቁ? ... ስጠኝ እስቲ። ... ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ... አዎ፣ እናታችን። ... አሜን። ... ጋሼ፣ አደራዎን፣ መሪውን እንዳይሰጡት። እሱ እልኸኛ ነው፣ «እኔ ነኝ የምነዳ» ይላል። ... እንዳሉት። ቀስ ብለው ይንዱ፣ ከእንግዲህ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ... እግዜር ይስጥልን።

ስልኩ ተመልሶ ወንድምየው እጅ ገባ።

— አይ፣ አንተ ሳትመጣ አትቀበርም። አጎቴ፣ አንቀብራትም አይደል? ... ራሱን ነቀነቀ፣ እሺ ብሏል። ... አሳባቂዋን ልታጠፋት? ከዚያው ሆነህ? ... ተዋት ዛሬን። ዛሬ እሷን ማጥፋት አያቅትህም? ... እኔንም ያቅተኛል። ... እንግዲያው ስልኩን ለጋሼ ስጣቸው። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ እያለች መንገዱን ሁሉ ታሳርርሃለች። ... እሺ። ... ምን አልክ? ... እኔ?

ውኃውን ያሞቀችው እሷ ናት። ለዘመድ የደወለችው፣ ወንበር ከየጎረቤቱ ያስመጣችው፣ አጎቷ ሲያለቅስ ያባበለችው እሷ ናት። ሴቶቹ «የት ላድርገው?» ሲሏት ቦታ ያሳየችው፣ ቁልፉ ሲጠፋ የፈለገችው እሷ ናት። ሁሉም ሲጠራት ውሏል፤ «አንቺስ?» ያላት ግን አልነበረም።

— እኔ ደህና ... እኔማ ... ማሙሽ፣ የኔም እኮ እናቴ ናት።

መጋረጃውን እንደያዘች፣ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እንዲያ ያለ ድምፅ ከውስጧ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

— አትዝጋው። ... ቆይ፣ ምንም አትናገረኝ። ... እዚያው ሁንልኝ፣ ትንሽ። ...

አንዱ ከሌላው ሩቅ ሆነው፣ ስልኩን መሐላቸው አድርገው አለቀሱ። ከወዲያ የሚያልፍ መኪና ጥሩምባ ይሰማል፤ ከወዲህ የማንኪያ ኳኳታ።

— በል ... በል ይበቃናል። መንገድ ላይ ሳይመሽባችሁ። ... አዎ። ... እኔም። ... እሺ፣ እበላለሁ። ... እበላለሁ አልኩህ። ና ብቻ። በደህና ግባልኝ።

ስልኩን ዘጋችው። አጎትየው ጎንበስ ብሎ ሊያነሳት እጁን ዘረጋላት።

— ቆይ አጎቴ፣ አለችው። ትንሽ ልቀመጥ።

እሱም አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።