አብሽ ሳይመዘን

ዓርብ፣ ሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.። የጠዋቱ ገበያ፦ በርበሬ ደህና ሄደ፣ አብሽ ተንቀሳቀሰ። ከገቡት ደንበኞች አብዛኞቹ "ጋሽ አፍሮም የሉም?" አሉ። እኔን የጠየቀ የለም። የቅመም ሱቁ ባለቤት እኔ እንቁ መሆኔን ለማስታወስ ያህል ነው።

ጋሽ አፍሮም፣ ዛሬ ማታ የተሰበሰብነው እርስዎን በጡረታ ልንሸኝ ነው። ሥራ የጀመሩ ቀን የመጀመሪያዋን ደንበኛ አባረሩብኝ። ሴትዮዋ አብሽ ፈለገች። እርስዎ ማንኪያውን አስቀመጡና "የምን ኪኒን ትወስጃለሽ?" አሏት።

"ሐኪም ነዎት እንዴ?"

"አይ፣ ሚዛን ላይ ነኝ።"

ጥላን ወጣች። በማግስቱ ኪኒኖቿን በፌስታል ይዛ ተመለሰች!

የአብሹን ሽታማ ለብሰውት ኖሩ፤ ፈረንጆች ፓንኬክ ላይ የሚያፈሱትን ሽሮፕ ይሸታል። አውቶቡስ ላይ አንድ ፈረንጅ "ፓንኬክ ይዘሃል?" ብሎ እንደጠየቀዎት እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ያልሰማ ሐበሻ የለም። ጎረቤታችን ቻይናዊቷ ሚስ ሊን አብሽን "ሁ ሉ ባ" ትለዋለች። በእነሱ ሕክምና ኩላሊት ያሞቃል፣ ወገብ ውስጥ የገባ ብርድ ያስወጣል። እርስዎ ደግሞ "ይሁን፤ ሆድ ውስጥ አብጦ ስኳሩን ከደም ያዘገየዋል፣ እኔ የምፈራው እሱን ነው" ይሏታል። እሷንም ኪኒኗን ሳይጠይቁ አልመዘኑላትም።

ተክለሚካኤል፣ አትደበቅ። ታክሲ ይነዳል፣ ስኳር አለበት። በዐቢይ ጾም አብሽ ሊገዛ መጣ፤ ሲጠየቅ "የንስሐ አባቴ እንኳን እንዲህ አይመረምረኝም!" ብሎ ሌላ ሱቅ ሄዶ ገዛ። በማግስቱ የስኳር ኪኒኑን ውጦ፣ አብሹን በባዶ ሆዱ ጠጥቶ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ ሊውል ወጣ። ሴንትራል ፓርክ የሚባለው ሰፈር ሲደርስ ስኳሩ ወረደ፣ ላብ አጠመቀው። የጋሽ አፍሮም ጥያቄ ያን ጊዜ ገባው። ፓርክ አድርጎ ተሳፋሪዋን ጭማቂ ለመናት፤ የያዘችውን ሰጠችው። ይኸው ዛሬ ከሁላችን በላይ እየበላ ነው።

ሱቃችን ውስጥ የሚሠራው በድሉ በእርስዎ ቦታ ሚዛኑን ይረከባል። "ከነገ ጀምሮ ወረፋው ይፈጥናል" ሲል ሰምቼዋለሁ። አይፈጥንም። ጋሽ አፍሮም ጡረታ ይወጣሉ፣ ጥያቄያቸው አይወጣም። ነጋዴ ነኝ፤ ደንበኛ ሲሄድብኝ ያመኛል። ሞቶ ከሚቀርብኝ ግን ተቆጥቶ ቢቀርብኝ ይሻለኛል። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ትናንት "ሌላ ስጦታ አልፈልግም፣ አብሽ ስጪኝ" አሉኝ። ማንኪያውን አስቀመጥኩ።

"የምን ኪኒን ይወስዳሉ?"

ሚዛኑን መወልወል ጀመሩ።

"ጋሽ አፍሮም!"

"የደም ማቅጠኛ። በቅርቡ ነው የጀመርኩት።"

"ሐኪሙ አብሽ እንደሚጠጡ ያውቃል? ከዚያ ኪኒን ጋር ደም እንዳያፈስስዎት።"

"አንቺ ልጅ፣ አሁንስ አበዛሽው!"

እንግዲህ ብርጭቆ እናንሳ። የእኛ አብሽ ነው፤ የምን ኪኒን እንደምትወስዱ ሁላችሁንም በር ላይ ጠይቄያችኋለሁ። የእርስዎ ብርቱካን ጭማቂ ነው። ጋሽ አፍሮም፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎት፤ ቤትዎ ሰው አይጉደልበት። ለጋሽ አፍሮም!

ነገ ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ቤትዎ እመጣለሁ። ኪኒንዎን ይዘው ይጠብቁኝ፤ ፋርማሲ ሄደን እንጠይቃለን። የስጦታው አብሽ እስከዚያ መኪናዬ ውስጥ ይቆያል።