የምናሴ እህት

ክልሎች ገና አዲስ በነበሩበት ጊዜ፣ ከባምባሲ ወደ አሶሳ በሚሄድ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ከወሎ መጥታ የሰፈረች እናት የተኛ ልጇን ይዛ ተቀምጣ ነበር። በእኔና በልጁ መካከል ዘንቢሌ ነበር። ከፊታችን የነበረ የወለጋ ሰባኪ ዞር ብሎ አናገራት።

«ስሙ ማነው?»

«ምናሴ።»

«ትርጉሙን ታውቂያለሽ፣ እህቴ?»

«እንዴታ! ዮሴፍ በሰው አገር ሲወልድ፣ ‹መከራዬን አስረሳኝ› ብሎ ያወጣው ነው። እኛም እንደሱ ተጭነን መጣን። በሰፈርን በዓመቱ ሴት ልጄ ሞተችብኝ። ይኼ ሲወለድ ቄሱ ምናሴ አሉት።»

«ታዲያ አስረሳሽ?»

«አስረሳኝ። መልኳ ጠፋኝ። አባቷም ጠፍቶበታል። ፎቶ እንኳ አልነበራት።»

«የጊዜ ነገር ነው።»

«ይኼ ልጅ ግን ያውቃታል፣ ጋሼ።»

«ከሞተች በኋላ አይደል የተወለደው?»

«አዎን። ሲጫወት ይነግረኛል። ‹ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት› አለኝ። እውነቱን ነው፤ እንጨት ስትለቅም ወድቃ ነበር። ማንም አልነገረው።»

«በኢየሱስ ስም! ዛሬውኑ ስሙን ለውጪው!»

«አባቱም አሶሳ ቄሱ ዘንድ ሄደሽ አስለውጪ ብሎ ነው የላከኝ። ግን ስሙ ሲለወጥ እሱም ቢረሳትስ? መልኳን ማንን እጠይቃለሁ?»

ሰባኪው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አሁንም አብራው ናት?»

«መኪና ትወዳለች ይላል።»

ዘንቢሌን ከልጁ አጠገብ አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥሁት።