በረዶውን ማን አመጣው

የእድሩ ዳኛ ጋሼ ባምላኩ ከቡሬ ሲመለሱ ዝናብ ያዛቸውና መንገድ ዳር ካለው የቆርቆሮ መጠለያ ገቡ። ከሰዓት በኋላ ከባድ ፍርድ ይጠብቃቸዋል። መበለቲቱ ጥሩዬ በሚካኤል ዕለት ዳጉሳዋን ስታርም ታየች፤ በማግስቱ የመንደሩን በቆሎ በረዶ አወደመው። ስለዚህ ከእድር ልትወጣ ነው፤ ከወጣች ደቦ የሚደርስላት የለም።

በመጠለያው ውስጥ፣ ፍኖተ ሰላም ባለው የዝናብ መለኪያ ጣቢያ የምትሠራው የጎረቤታቸው ልጅ አይናለም ቆማለች።

«አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ክረምት ከየት መጣ?» አሏት።

«አንዳንድ ዓመት በጣም ሩቅ ያለ ውቅያኖስ ይሞቃል፤ ኤልኒኖ ይሉታል። ያኔ ክረምታችን ይዛባል። ይህ ከጥንትም የነበረ ነው፣ ጋሼ። አሁን ግን የፋብሪካና የመኪና ጢስ ምድርን አሙቋታል። የሞቀ አየር ብዙ ውሃ ይሸከማል፤ ሲጥል በአንድ ጊዜ ያወርደዋል።»

«ታዲያ የኛ ጉዳት የየትኛው ነው?»

«ጠላ ጠጥቶ አረቄ የደገመ ሰው ቢወድቅ የትኛው ጣለው ይላሉ?»

ጋሼ ባምላኩ ሳቁ። «ሁለቱም እጅ አለባቸው።»

«ከባድ ዝናብም እንዲያ ነው። የበረዶው ነገር ግን ለሊቃውንቱም ገና አልጠራም፤ ይህ አመጣው ብልዎ ዋሸሁ።»

አላውቅም የሚል የተማረ ሰው ብዙ ስላልገጠማቸው ይበልጥ አመኗት።

«የጥሩዬ ሥራስ?»

«በመዝገቤ ቀንና ሚሊሜትር እንጂ የሰው ስም የለም። ካቻምና ጤፍዎ በበረዶ ሲመታ በበዓል ማን ሠርቶ ነበር?»

ጋሼ ባምላኩ ትዝ አላቸው። ያን ቀን መንደሩ በሙሉ ቅዳሴ ላይ ነበር። የሚወቀስ ሰው ስላልተገኘ ነገሩን ረስተውት ኖረዋል፤ አሁን አፈሩ።

«ማንንም ካልቀጣንስ ምን እናድርግ?»

«የውሃ መውረጃ ቦይ ቢቆፍሩ ጎርፍ አፈሩን አይወስድም። በቆሎው በሞተበት ማሳ መስከረም ላይ ሽምብራ ቢዘሩ በቀረው እርጥበት ይደርሳል። ትንበያውንም በስልክ እነግርዎታለሁ፤ ለማረምና ለማጨድ ቀን ይመርጡበታል።»

ከሰዓት በኋላ በእድሩ ስብሰባ ጋሼ ባምላኩ ይህንኑ አንድ በአንድ አስረዱ። አባሎቹ ግን «ፍርዱስ?» አሉ።

«ካቻምና በረዶ ሲወርድ እኔ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ነበር። ጥሩዬን ከማስወጣታችሁ በፊት እኔን አስወጡኝ» አሉ ጋሼ ባምላኩ። አባሎቹ ፍርዱን ትተው የቦዩን ሥራ ለሰኞ ቀጠሩ።

ሰኞ ማለዳ ሃያ ሰው ዶማ ይዞ ደጇ ሲደርስ፣ ጥሩዬ ሊያባርሯት የመጡ መስሏት በሯን ዘጋች።

«ክፈች፣ ልጄ» አሏት ጋሼ ባምላኩ ከውጭ። «ቦዩን ከየት በኩል እንጀምርልሽ?»