በጠጅቱ በር የሚያልፈው የወተት መኪና

ባለፈው እሑድ የታመመ ዘመድ ልጠይቅ ቡራዩ ሄጄ ታክሲ ተራው ላይ ጠጅቱን አገኘኋት። ባሏ የሞተባት፣ በአንዲት ላም ሁለት ልጆች የምታሳድግ፣ ሱሉልታ ላለው ወተት ማቀነባበሪያችን ሁለት ዓመት ወተት ያቀረበች ሴት ናት።

«አካም ጂርታ? ላሚቱስ?» አልኳት።

«ሸጥኳት። ወተቷ እየተደፋ በምን ልቀልባት? አሁን እዚህ እህቴ ጋ ተጠግቼ የሰው ልብስ አጥባለሁ።»

ወተቱን የምደፋው እኔ ነኝ። የመጣውን መርምሬ የኮመጠጠውን የምጥል፣ የተማረ የምባል ሰው። አፍሬ በቅጡ ሳልሰናበታት ተለየኋት።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ፣ የወተት መኪናውን ስምሪት የሚያወጡት ኦቦ ቦጂያና አዲሷ የዕቅድ ባለሙያ ሄመን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ይከራከራሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ኦቦ ቦጂያ፣» አለች ሄመን፣ «እያንዳንዱ ሰው ላሙን የሚያልብበትን ሰዓትና የመንገዱን ርቀት አስገብቻለሁ። ፕሮግራሙ መኪናው ከማን ጀምሮ ወደ ማን ቢሄድ ወተቱ ሳይበላሽ እንደሚደርስ አስልቶ ያሳያል። ይሄ ቀዩ መስመር የእርስዎ ስምሪት ነው።»

«ልጄ፣ እኔ ሃያ ዓመት ስምሪት ያወጣሁት በዕድሜ ነው። ትልቅ ሰው ቆሞ እየጠበቀ የትናንት መጤ ወተት ይጫን? ማሽን ክብር ያውቃል እንዴ?»

«አያውቅም። ግን ኦቦ ሶያማ ታላቅ ናቸው ተብሎ ወተታቸው ቀድሞ ይጫናል፤ ከዚያ አራት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲንገላታ ያረፍዳል። ስንቴ ተደፋባቸው? ይሄ እሳቸውን ማክበር ነው?»

ሽማግሌው ቀዩን መስመር በጣታቸው ተከተሉ። «እዚህ ጋ ሦስቴ የሚያልፈው ምንድን ነው?»

«የጠጅቱ በር ነው። መኪናው ማለዳ ያልፋታል፣ ሲመለስ ያልፋታል፣ በዕድሜ ታናሽ ናትና በሦስተኛው ይቆምላታል። ሾፌሩን ጠየቅኩት። ጀሪካኗን ይዛ ትለምነው ነበር፤ እሱ ደግሞ ‹ተራሽ አይደለም› እያለ ይሄድ ነበር።»

ይሄኔ ላሚቱ መሸጧን ነገርኳቸው። ኦቦ ቦጂያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወተቷ ለምን እንደሚኮመጥጥ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?»

«ይሉኝታ ይዞኝ። እርስዎን ማረም ድፍረት መሰለኝ።»

«ብትደፍረኝ ይሻለኝ ነበር» አሉና ለሄመን «በይ፣ በአንቺው ስምሪት ይሂድ» አሏት።

ሽማግሌዎቹን ቤት ለቤት ዞረው ያስረዱት ራሳቸው ኦቦ ቦጂያ ናቸው፤ የተቀየመ ሰው አልነበረም። መኪናው አሁን ከድሮው ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይገባል፣ ነዳጅም ቀንሷል፣ የምደፋው ወተትም የለኝም ማለት ይቻላል። በግምትና በይሉኝታ ዕቃ የምታመላልሱ ሁሉ፣ እባካችሁ አስሉት። ማስላት ማንንም አያዋርድም፤ እንደኔ አውቆ ዝም ማለት ግን ሰው ይጎዳል።

ኦቦ ቦጂያ ቡራዩ ድረስ ሄደው ጠጅቱን ይቅርታ ጠየቋት። «እኔስ ይቅር ብያለሁ፤ ላሜን የገዛት ግን ሥጋ ቤት ነው» አለቻቸው።

መኪናችን አሁን በቀድሞ በሯ የሚያልፈው አንዴ ብቻ ነው። ማለዳ፣ ላሟን ታልብ በነበረበት ሰዓት።