የዘገየው ፋይልና የገብረጻድቅ ፍርሃት

ነገሩ የሆነው በ2004 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ፣ ሐዋሳ መናኸሪያ አጠገብ ባለች፣ አራት ኮምፒውተር ብቻ በምትይዝ ኢንተርኔት ቤት ነው። የእህልና የበርበሬ ነጋዴው ገብረጻድቅ ጎንበስ ብሎ የኮምፒውተሩን የኢንተርኔት ገመድ መዘዘ። ሦስተኛ ጊዜው ነው።

«ጋሼ፣ ገመዴን እንደ ካሮት ነው የሚነቅሉት» አለች የቤቱ ባለቤት ናዲያ። «አንዴ ከደገሙት ጫፉ ይሰበራል።»

ገብረጻድቅ ገመዱን እንደያዘ ቀና አለ። ላቡን በመሐረቡ ጠረገ። በዚህ መሐል ወረቀት ልታሳትም የገባች አንዲት ወጣት አየችው። ታቢታ ትባላለች፤ የጎረቤቱ የኩማ ልጅ ናት። ስድስት ዓመት ኖርዌይ ተምራ ከተመለሰች ገና ሁለት ወሯ ነው። ሰፈሩ እስካሁን አላመናትም፤ እሷም እዚህ ለመቅረቷ እርግጠኛ አልነበረችም።

«ጋሽ ገብረጻድቅ፣ ምነው ተጨነቁ?»

ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የምልከው ባለቤቴ ዕፀገነት አዲስ አበባ የተነሳችውን የጭንቅላት ምስል ነው። ሕንድ ያለው ሐኪም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልደረሰኝ ተራዋ ለሌላ ያልፋል፣ ሦስት ሳምንት ትጠብቃለች ብሏል። ሦስት ሳምንት የላትም፣ ልጄ። ትናንት አፍጥጣ አየችኝና “ማነህ?” አለችኝ።»

«ታዲያ ለምን ያቋርጡታል?»

«እያነበቡት ነዋ።»

«እነማን?»

«እነማን ትያለሽ? አንቺ እዚህ አገር አልተወለድሽም?»

በዚያን ጊዜ እንዲህ የሚያምን ብዙ ሰው ነበር። ስልክ ውስጥ ኮሽታ ከተሰማ ጆሮውን የደቀነ ሰው አለ፤ ፋይል ከዘገየ ደግሞ መንገድ ላይ ተከፍቶ እየታየ ነው ይባላል። የገብረጻድቅ ፍርሃት ከሌላው ይብሳል። የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍነው ታናሽ ወንድሙ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር የወጣ ሰው ነው። ስሙም ከምስሉ ጋር በተያያዘው ደብዳቤ ላይ ሰፍሯል። ያን ስም ያየ ሰው ዕፀገነትን ከአገር እንዳትወጣ ቢከለክልስ? ይህንንም በሹክሹክታ ነገራት።

«በወሬ ብቻ አይደለም» አለ፤ «ማስረጃ አለኝ። እዚህ ግድግዳ ላይ ምን ይላል? ፍጥነት ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት። ፋይሉ ስንት ነው? ሠላሳ። በሰከንድ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት የሚሸከም መስመር፣ ሠላሳ ለመውሰድ ምን ያንጠለጥለዋል? አሥር ደቂቃ ጠብቄ የሄደው አሥራ አምስት በመቶ ነው። ቀሪውን የያዘው ማን ነው?»

«ጋሼ፣ አንድ ገበሬ መጥቶ “ሠላሳ በቆሎ አለኝ” ቢልዎት ዋጋ ይነግሩታል?»

«ሠላሳ ምን? ኪሎ ነው ኩንታል?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅዎ።»

ገብረጻድቅ ቅር አለው። በልጅ አፍ፣ ያውም በራሱ ሚዛን መያዙ አልጣመውም። ሆኖም ታቢታ ወረቀት አውጥታ መጻፍ ስትጀምር ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም።

«የእርስዎ ፋይል ሠላሳ ሜጋባይት ነው» አለች እየጻፈች። «ግድግዳው ላይ ያለው ግን ኪሎቢት ነው። ቢትን አንዲት ፍሬ ይበሏት፤ ስምንት ቢት ሲሰበሰብ አንድ ባይት ይሆናል። የፋይል መጠን በባይት፣ የመስመር ፍጥነት ግን በቢት ነው የሚነገረው። እስቲ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስትን ለስምንት ያካፍሉት።»

«ሠላሳ ሁለት» አለ ሳያስብ።

«መስመሩ በሰከንድ የሚሸከመው እንግዲህ ሠላሳ ሁለት ኪሎባይት ብቻ ነው። አንድ ሜጋባይት አንድ ሺህ ሃያ አራት ኪሎባይት ነው። በስንት ሰከንድ ይሄዳል?»

ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። «በሠላሳ ሁለት። ሠላሳው ደግሞ... ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሰከንድ። አሥራ ስድስት ደቂቃ ነው።»

«ያውም መስመሩን ለብቻዎ ከያዙት። አሁን አራት ሆናችሁ ትካፈሉታላችሁ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በአሥር ደቂቃ አሥራ አምስት በመቶ ማየትዎ ልኩ ነው፤ የጎደለ የለም። ገመዱን በነቀሉ ቁጥር ግን ከዜሮ ነው የሚጀምረው።»

ገብረጻድቅ ሰዓቱን አየ፤ ስምንት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ይላል። «ማንም አያየውም ብለሽ ትምያለሽ?»

ታቢታ አመነታች። መዋሸት ቀላል ነበር። «አልምልም። ማን ምን እንደሚያይ አላውቅም። መዘግየቱ ግን ምስክር አይሆንም። ጋሼ፣ የወንድምዎ ስም መታየቱ ነው የሚብሰው ወይስ እትዬ ዕፀገነት የእርስዎን ስም መርሳቷ?»

ገብረጻድቅ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስሌት ደግሞ አየው። ከዚያ ወደ ናዲያ ዞረ። «ልጄ፣ ሌሎቹን ለሃያ ደቂቃ አስቁሚልኝ። እባክሽ።»

ናዲያ ሦስቱን ደንበኞች ለመነች፤ አጉረመረሙና ተዉ። ታቢታ ወረቀቱ ላይ «በአራት ደቂቃ ሃያ አምስት፣ በስምንት አምሳ» ብላ ጻፈችና ሰጠችው። ገመዱ ተሰካ። ገብረጻድቅ የእጅ ሰዓቱን ፈቶ ጉልበቱ ላይ አኖረ። ውጭ ዝናብ ጀምሯል፤ ነጎድጓድ በተሰማ ቁጥር መብራቱን ያያል።

በአራተኛው ደቂቃ ሃያ አምስት ሆነ። በስምንተኛው አምሳ። በአሥራ ሁለተኛው ግን ሰባ አምስት ሲጠበቅ ስድሳ ሁለት አለ።

«ይኸው ያዙት» አለ ገብረጻድቅ። እጁ ወደ ገመዱ ሄደ።

«በአራት ደቂቃ ከሚሄደው ሃያ አምስት ያጡት ግማሹን ነው። ግማሽ ማለት አንድ ሰው ተጋርቶናል ማለት ነው» አለች ታቢታ።

ናዲያ ዞር ብላ አየች። ጥግ ያለው ጎልማሳ አንገቱን ቀበረ። «አንዲት ዘፈን ብቻ ናት» አለ።

«ወንድሜ፣ ዘፈኑን በኋላ አልቅሰህ ታወርደዋለህ» አለችና የሚያወርድበትን የኮምፒውተር መስኮት ዘጋችበት። ፋይሉ እንደገና ተንቀሳቀሰ። በአሥራ ስምንተኛው ደቂቃ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ «ደርሶናል፤ ሐኪሙ ዛሬ አይቶ መልስ ይሰጣል» የሚል አጭር ጽሑፍ ከሕንድ መጣ።

ገብረጻድቅ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ሰው በማላውቀው መስፈሪያ ቢሸጥልኝ እጣላ ነበር» አለ። «እኔ ግን በማላውቀው መስፈሪያ ስፈራ ነው የከረምኩት። ይህን ለገበያው ሰው ሁሉ እነግራለሁ። መጠኑንና ፍጥነቱን የለየ ሰው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት አስቀድሞ ያውቃል፤ በማስታወቂያ ቁጥር አይታለልም፤ የጀመረውን በሩብ መንገድ አያፈርስም፤ የሌለ ሌባም አያይም።»

«ያለውን ሌባም ለይቶ ያውቀዋል» አለች ናዲያ ጥግ ያለውን ሰው እያየች።

ታቢታ ሳቀች። «አሁንስ ፍርሃቱ ለቀቀዎት?»

ገብረጻድቅ ሰዓቱን መልሶ እጁ ላይ አሰረ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጄ። ስነቅለው የፈራሁት እነሱን ብቻ አልነበረም። ምስሉ ካልሄደ የሐኪሙ ክፉ መልስም አይመጣም።»

ቁጭ ብሎ ጠበቀ። የሐኪሙ መልስ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚለካ መስፈሪያ ግን ታቢታም አልተማረችም።