ሚስተር ዋልተር አውሮፕላን የተሳፈሩ ዕለት

በእኛ ጊዜ፣ ሜሪዬ፣ ተዋጊ አብራሪ ፍርሃት የሚባል ነገር አያውቅም ብለን ነበር የምናስበው። እኔም እዚህ ዳላስ መጥቼ ሽማግሌ መንከባከብ እስክጀምር ድረስ እንደዚያው አስብ ነበር። ታዲያ እዚሁ ዳላስ አጠገብ ካሮልተን ቤታቸው እየሄድኩ የምረዳቸው ሚስተር ዋልተር የሚባሉ ካናዳዊ ነበሩ፣ ዘጠና ያለፋቸው። የስንዴ ገበሬ ልጅ ናቸው፣ እና በሃያ ዓመታቸው ከትራክተር ወርደው ተዋጊ አውሮፕላን ላይ ወጡ፣ አውሮፓ ሄደው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጀርመን ጋር ተዋጉ። ጦርነቱ ሲያልቅ የቴክሳስ ሴት አግብተው እዚህ መጡ፣ ጡረታ እስኪወጡ ሂሳብ አስተማሩ፣ እና ከዚያ ጦርነት ወዲህ አውሮፕላን አልረገጡም። አገራቸው እንኳ ሲሄዱ በመኪና ነው፣ ሦስት ቀን ነድተው።

ታዲያ አንድ ቀን ታናሽ እህታቸው ከካናዳ ኮል አደረገች። «ዋልተር፣ በጣም አሞኛል፣ በዓይኔ ልይህ» አለቻቸው። በመኪና እንዳይሄዱ ወገባቸው አይችልም። ስልኩን ዘጉና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«እኔ አብሬዎት እሄዳለሁ» አልኳቸው።

«ጓደኛዬ አጠገቤ እየበረረ ተቃጠለ» አሉኝ። «በሬዲዮ ስሜን ይጠራ ነበር። የአውሮፕላን በር ሲዘጋ ድምፁ የሚመጣብኝ ይመስለኛል።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በማግሥቱ ራሳቸው «ትኬት ቁረጥ» አሉኝ። ሶ፣ ሄድን።

በሩ ተዘጋ። እሳቸው ወንበሩን ጨብጠዋል፣ እኔ እሳቸውን አያለሁ። አውሮፕላኑ ሲነሳ ግን፣ ማለቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ክንፉ ሲርገበገብ አየሁና ዓይኔን ጨፈንኩ። ታዲያ እጄን ማን ያዘው? እሳቸው!

«አይዞህ» አሉኝ፣ «ክንፉ እንዲወዛወዝ ሆኖ ነው የተሠራው። ይሄ ጓ ያለው ደግሞ ጎማው ሲገባ ነው።» እንዲህ እያሉ እያንዳንዱን ድምፅ ሲያስረዱኝ ከደመናው በላይ ወጣን።

ቀስ ብዬ «ያ ድምፅስ መጣ?» አልኳቸው።

ጆሯቸውን ሰጥተው አዳመጡ፣ ቆዩ። «አልመጣም» አሉ። «ከኋላ አንድ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሌላ የለም።» እና እንባቸው ወረደ፣ ፊታቸው ግን ፈታ ብሏል፣ ሜሪዬ፣ እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

እህታቸውን በሕይወት ደረስንባት፣ ሁለት ሳምንት አጠገቧ ከረሙ። ስንመለስ ደግሞ በመስኮት በኩል ካልሆነ አልቀመጥም አሉ።

«እርስዎስ አባባ፣ አሁንም ይፈራሉ?» አለች ታሪኩን ስታዳምጥ የቆየችው ሜሪ።

«እኔማ ፈሪ ነኝ» አሉ አባባ እየሳቁ። «ደግነቱ መስኮቱን እሳቸው ወሰዱልኝ።»